ሳያውቁ ወደ ቁጥጥር ክልል መግባትና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝምታ

በትንንሽ አውሮፕላኖች የምንበር ሰዎች ስንገናኝ ስለ ሞተር፣ ስለ አየር ጠባይና ስለ ማረፊያ ሜዳዎች ሳናወራ አንለያይም። ያለ ፈቃድ ወደ ቁጥጥር ክልል፣ ማለትም የበረራ ተቆጣጣሪዎች ከምድር ሆነው አውሮፕላኖችን ወደሚመሩበት የሰማይ ክፍል፣ ገብቶ ስለ መውጣት ግን ደፍሮ የሚናገር ጥቂት ነው፤ የሚናገረውም ቢሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው ላይ የደረሰ አስመስሎ ነው። እኔም የግል አብራሪ ፈቃድ ይዤ የምበር ሰው ስለሆንኩ ይህ መሸፋፈን ከልብ ያሳስበኛል። መስመሩን ሳያውቁ ማለፍ በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚታረም ስህተት ነው፤ ወደ አደጋ የሚገፋው አብራሪው ስህተቱ ከገባው ወይም ከጠረጠረ በኋላ ዝም ሲል ነው። ይህን የምለው የቁጥጥር ክልል እንዴት እንደሚሠራ፣ አንድ የማይናገር አውሮፕላን በውስጡ ሲገኝም ምን እንደሚፈጠር ስመለከት ሌላ መደምደሚያ ላይ መድረስ ስላልቻልኩ ነው።

በመሬት ላይ ያለ ድንበር ቢያንስ ወንዝ፣ አጥር ወይም የድንጋይ ክምር ይኖረዋል። የሰማዩ ድንበር ግን ያለው በካርታና በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። በትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ያለው የቁጥጥር ክልል አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ አንድ እምብርት አለው፤ ከእምብርቱ እየራቁ ሲሄዱ የክልሉ ወለል እርከን በእርከን ከፍ ይላል፣ ዙሪያውም እየሰፋ ይሄዳል፤ የተገለበጠ ደረጃ እንደ ማለት ነው። እንዲህ የተሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለማረፍ የሚወርዱትና ተነሥተው የሚወጡት ትልልቅ አውሮፕላኖች ከማኮብኮቢያው አጠገብ ዝቅ ብለው፣ ከራቁ በኋላ ደግሞ ከፍ ብለው ስለሚበሩ፣ ከሥራቸው ያለው ሰማይ ለትንንሾቹ ነፃ እንዲሆን ነው። በዚህም የተነሣ በ2,300 ጫማ ከፍታ ማንንም ሳይጠይቅ በሕጋዊ መንገድ የሚበር አብራሪ፣ አቅጣጫውንም ከፍታውንም ሳይለውጥ ጥቂት ማይል ወደ ፊት ሲሄድ የሚቀጥለው እርከን ወለል 1,500 ጫማ ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል። አንዳችም አዲስ ነገር አላደረገም፤ ጥፋተኛ ለመሆን ቀጥ ብሎ መብረሩ ብቻ በቂው ነው።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ፣ የአየር ክልልን ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በ7 ክፍሎች መድቦታል። ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ያሉት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ሲሆኑ፣ «ኤፍ» እና «ጂ» ቁጥጥር የሌለባቸው ናቸው። በመሣሪያ ሳይሆን ዐይኑን ተማምኖ የሚበር አብራሪ ወደ «ኤ» ክፍል ጨርሶ አይገባም፤ ወደ «ቢ»፣ «ሲ» እና «ዲ» ለመግባት አስቀድሞ በሬዲዮ መገናኘትና መፈቀድ አለበት፤ በ«ኢ» ክፍል ውስጥ ግን፣ ቁጥጥር ያለበት ክልል ቢባልም፣ የአየሩ ሁኔታ እስከፈቀደ ድረስ ያለ ፈቃድ መብረር ይችላል። ከእነዚህ ክፍሎች የትኞቹን የት እንደሚጠቀሙ የሚወስኑት አገሮች ራሳቸው በመሆናቸው፣ በአንድ አገር የሠለጠነ አብራሪ ወደ ሌላ ሲሻገር የካርታው ቀለምና መስመር ትርጉሙን ሊቀይርበት ይችላል።

በራዳር ክፍል ውስጥ ከአንድ ተቆጣጣሪ ጎን ተቀምጬ ሥራውን የማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። መብራቱ ደብዘዝ ባለው ክፍል ውስጥ ለማረፍ ተራ የያዙት አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው መለያ ጥሪያቸው፣ ከፍታቸውና ፍጥነታቸው ከጎናቸው ተጽፎ በስክሪኑ ላይ ይሳባሉ። በዚህ መካከል ከክልሉ ጠርዝ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥርና ከፍታ ብቻ የያዘች ነጥብ ብቅ አለች። ቁጥሯ 7000 ነው፤ በብዙ አገሮች ዐይናቸውን ተማምነው የሚበሩ ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የትራንስፖንደር (ለራዳር ጥያቄ መልስ የሚልክ የአውሮፕላን መሣሪያ) ቁጥር ስለሆነ ማንነቷን አይናገርም። ተቆጣጣሪው ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረገ። የመጀመሪያ ሥራው ነጥቧን መገሠጽ ሳይሆን ከፊቷ ያለውን ሁሉ ማንሣት ነበር። ለማረፍ ሲወርድ የነበረውን አውሮፕላን ቁልቁለቱን አስቁሞ ወደ ግራ አዞረው፤ በስልክ ከማማው ጋር ተነጋግሮ ቀጣዩ ተነሺ ባለበት እንዲቆይ አደረገ፤ ከዚያም ለማይታወቀው ሰው ያለበትን ቦታ፣ የሚሄድበትን አቅጣጫና ከፍታውን በሬዲዮ እየጠራ «ይህን የሚሰሙ ከሆነ ይመልሱ» ሲል ደጋገመ። መልስ አልመጣም። ነጥቧ ጥግ ጥጉን ይዛ እስክትወጣ ድረስ ተቆጣጣሪው ዐይኑን ከእርሷ አልነቀለም።

በኋላ ሲያስረዳኝ፣ እጅግ ያስጨነቀው የነጥቧ በክልሉ ውስጥ መገኘት ሳይሆን ቀጥላ ምን እንደምታደርግ አለማወቁ መሆኑን ነገረኝ። የምትናገር አውሮፕላን ብትሆን ኖሮ ሁለት ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር፤ ከፍታዋን እንድትጠብቅና ወደ አንድ አቅጣጫ እንድትዞር ይነግራታል፣ ሌሎቹንም በእርግጠኝነት ያሳልፋል። የማትናገረዋ ግን በማንኛውም ቅጽበት ልትወጣ፣ ልትወርድ ወይም ልትዞር ስለምትችል፣ ከተለመደው የሰፋ ክፍተት እንዲተውላት ግድ ይሆንበታል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የከፍታ ንባብ እንኳ አብራሪው በቃሉ እስኪያረጋግጠው ድረስ በሙሉ የሚታመን አይደለም። አንድ ጠጋ ብሎ የማያውቅ ሰው «ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ማንንም አልነካሁም» ሊል ይችላል፤ በሬዲዮ ያልሰማው ነገር ስንት አውሮፕላን ለእርሱ ሲል መንገዱን እንደቀየረ ነው።

ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ሊታለፍ የማይገባው እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በምትገኘው በሴሪቶስ ከተማ ሰማይ ላይ የደረሰው ግጭት ነው። ቶራንስ ከሚገኘው ማረፊያ የተነሣች አንዲት ፓይፐር አውሮፕላን ሦስት ሰዎችን ይዛ ወደ ተራራማው ቢግ ቤር ታመራ ነበር። አየሩ ለበረራ የተመቸ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። አውሮፕላኗ ያኔ የሎስ አንጀለስ ተርሚናል ቁጥጥር ክልል ይባል ወደ ነበረው፣ አሁን «ቢ» ክፍል ወደሚባለው ክልል ያለ ፈቃድ ገባች። በዚያው ሰዓት 64 ሰዎችን የያዘው የሜክሲኮው አየር መንገድ የኤሮሜክሲኮ 498 በረራ፣ ዲሲ-9 አውሮፕላን፣ ሎስ አንጀለስ ለማረፍ እየወረደ ነበር። በ6,500 ጫማ አካባቢ ላይ ፓይፐሯ የዲሲ-9ኙን የጅራት አግዳሚ ክንፍ መታች። በሁለቱም አውሮፕላኖች ውስጥ ከነበሩት አንድም ሰው አልተረፈም፤ ዲሲ-9ኙ በመኖሪያ ቤቶች ላይ በመውደቁ በምድር ላይ የነበሩ 15 ሰዎችም ሞቱ። በድምሩ የ82 ሰው ሕይወት ጠፋ።

በዚህ አደጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይወራለት፣ እኔን ግን እረፍት የሚነሣኝ አንድ ዝርዝር አለ። ግጭቱ በደረሰበት ወቅት ተቆጣጣሪው እንዲሁ ያለ ፈቃድ ወደ ክልሉ ከገባ ከሌላ፣ ግሩማን ከተባለ ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ጋር ሥራ ላይ ነበር። አንዱ ሳያስፈቅድ የገባ የተቆጣጣሪውን ቀልብ ሲይዝ፣ ሌላዋ ማንም ሳይናገራት ወደ ግጭቱ ትሄድ ነበር ማለት ነው። ይህ እኔ ከምለው ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ የተናገረው አብራሪ ነው የተቆጣጣሪውን ጊዜ የወሰደው የሚል ይኖራል። እኔ የማየው ግን በሌላ መንገድ ነው። የአንድ ሰው ትኩረት የሚሸከመው ልክ አለው፤ ያልታቀደ መግባት ሁሉ፣ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ቢያልፍ እንኳ፣ ከዚያ ልክ ላይ ቆርሶ ይወስዳል። የተናገረው ቢያንስ የት እንዳለ ታውቋል፤ ለዲሲ-9ኙ አብራሪዎች ግን ስለ ፓይፐሯ አንድም ማስጠንቀቂያ አልደረሳቸውም።

ፓይፐሯ ትራንስፖንደር ነበራት፤ ከፍታዋን አብሮ የሚልክ ዓይነት ግን አልነበረም። ስለዚህ በራዳር ላይ ብትታይ እንኳ ከክልሉ ወለል በታች በሕጋዊ መንገድ እየበረረች ትሁን ከውስጥ ትሁን የሚለይ ነገር አልነበረም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራውን ሲያጠናቅቅ ዋናውን ምክንያት በፓይፐሯ አብራሪ ላይ አልጣለም። በአሠራርም ሆነ በመሣሪያ ግጭትን ለመከላከል የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ሥርዓቱ ራሱ የነበረበትን ውስንነት በዋናነት ጠቀሰ፤ የፓይፐሯን ሳያውቁ መግባትና «አይቶ ማምለጥ» የሚባለው መርሕ ያለበትን ድክመት ደግሞ አስተዋጽኦ ያደረጉ ምክንያቶች አድርጎ አስቀመጠ። ይህ አደጋ ካስከተላቸው ለውጦች መካከል በአሜሪካ በታላላቅ ማረፊያዎች ዙሪያ በ30 ኖቲካል ማይል ውስጥ ከፍታን የሚልክ ትራንስፖንደር እንዲኖር መደረጉና የመንገደኛ አውሮፕላኖች ቲካስ የተባለውን የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲይዙ መገደዳቸው ይገኙበታል። ሁለቱም ለውጦች የሚሠሩት ግን ትንሹ አውሮፕላን ትራንስፖንደሩን አብርቶ ሲበር ነው።

«አይቶ ማምለጥ» ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ አብራሪ ከሚገባው በላይ ይተማመንበታልና። ሁለት አውሮፕላኖች አቅጣጫቸውንና ፍጥነታቸውን ሳይቀይሩ ወደ አንድ የግጭት ነጥብ ሲሄዱ፣ አንዱ በሌላው መስታወት ላይ ከቦታው አይነቃነቅም። የሰው ዐይን የሚነቃነቅ ነገርን ለመያዝ ፈጣን ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የቆመች ትንሽ ነጥብን ግን፣ በተለይ ከበስተጀርባዋ ከተማ ወይም ጭጋግ ካለ፣ በቀላሉ ያልፋታል። ነጥቧ ዐይን በሚስብ መጠን የምትሰፋው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ውስጥ ነው። በ90 ኖት (በሰዓት 90 ኖቲካል ማይል) የሚበር ትንሽ አውሮፕላንና በ250 ኖት የሚወርድ የመንገደኛ አውሮፕላን ፊት ለፊት ቢመጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት በደቂቃ ከ5 ኖቲካል ማይል በላይ፣ ማለትም ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠባል። የበረራ ክፍሉ ምሰሶ ወይም የራስ ክንፍ ነጥቧን ከጋረዳት ደግሞ የተቀረው ጥንቃቄ ሁሉ አይረዳም። የቁጥጥር ክልል የተፈጠረው ዐይን ብቻውን እንደማይበቃ ስለታወቀ ነው።

ታዲያ ፈቃድ ያለው፣ የተማረ፣ ጤነኛ ሰው በጠራ ሰማይ ላይ እንዴት ሳያውቅ ይገባል? መልሱ «በቸልተኝነት» ነው ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀላል፤ እኔ ግን በዚህ መልስ ፈጽሞ አልስማማም።

ከፍታን እንውሰድ። ከፍታ መለኪያው የሚለካው የአየር ግፊትን ነው፤ ግፊቱን ወደ ጫማ የሚቀይረው አብራሪው በመሣሪያው ትንሽ መስኮት ላይ የሞላውን የአካባቢ ግፊት መነሻ አድርጎ ነው። 1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ወደ 30 ጫማ ያህል ልዩነት ያመጣል። አንድ አብራሪ ጠዋት የተነሣበት ቦታ ግፊት 1008 ነበር እንበል፤ በመንገዱ ላይ ግፊቱ ከፍ ወዳለበት አካባቢ ሲደርስ ትክክለኛው 1018 ሆኗል፤ እርሱ ግን አላስተካከለም። መሣሪያው 2,300 ጫማ ሲያሳየው እርሱ በእውነት ያለው 2,600 ጫማ አካባቢ ላይ ነው። ከላዩ ያለው የቁጥጥር ክልል ወለል 2,500 ጫማ ከሆነ 200 ጫማ ከበታች ነኝ ብሎ በሙሉ ልብ እየበረረ ከውስጥ ነው። በመስኮቱ የሚያየው ምንም የተለየ ነገር የለም። ትራንስፖንደሩ ግን አብራሪው የሞላውን ቁጥር ሳይጠይቅ በመደበኛው 1013.25 ላይ የተመሠረተ ከፍታ ስለሚልክና የምድሩ መሣሪያ በአካባቢው ግፊት ስለሚያስተካክለው፣ ተቆጣጣሪው እውነቱን አብራሪው ሳያውቀው ያየዋል።

ነፋስም እንዲሁ ነው። በ90 ኖት የሚበር አውሮፕላን ላይ 20 ኖት የጎን ነፋስ ቢነፍስበትና አብራሪው ባያርመው፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከ6 ኖቲካል ማይል በላይ ከመስመሩ ይወጣል። ትንበያው ነፋሱ ደካማ ነው ብሎት ከነበረ በዕቅዱ ላይ ያሰላው ማረሚያ አነስተኛ ነው፤ ኮምፓሱ ደግሞ አፍንጫው የዞረበትን እንጂ ወደየት እየተገፋ እንደሆነ አይናገርም። እዚህ ላይ የሰው አእምሮ የራሱን ጥፋት ይጨምርበታል። ወንዝ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው ወንዝ ሲያይ የጠበቀው ወንዝ ያው ነው ብሎ ይቀበላል፤ ድልድዩ በካርታው ላይ ካለበት ወዲያ መሆኑን እያየ እንኳ ምክንያት ይፈልግለታል። በጥሩ አስተማሪ እጅ ያለፈ ተማሪ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከዚያ በሰዓቱ ልክ ካርታውን፣ በመጨረሻ መሬቱን እንዲመለከት የሚደረገው ለዚህ ነው። መሬት ላይ ያየውን ይዞ በካርታ ላይ ቦታ የሚፈልግለት ሰው የፈለገውን አያጣም።

ደመናን ለመሸሽ የሚደረግ መዞር ከሁሉም በላይ ስውር ነው። አብራሪው አንድ ጊዜ 10 ዲግሪ፣ ቀጥሎ ሌላ 10 ዲግሪ ይዞራል፤ ወይም ደመናው ስለተጫነው ዝቅ፣ ሲከፈትለት ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ድምራቸው ግን ማንም ካላሰበው ጠርዝ ያደርሰዋል። ከጎኑ የመጀመሪያ በረራዋ የሆነች ተሳፋሪ ሆዷን ይዛ ከተቀመጠች ደግሞ፣ ግማሽ ሐሳቡ ከእርሷ ጋር ነው። በ90 ኖት በአንድ ደቂቃ 1.5 ኖቲካል ማይል ይኬዳልና ለአፍታ የተዘናጋ ሰው ሩቅ ይገኛል።

ጂፒኤስ ይህን ሁሉ ይፈታዋል የሚሉ አሉ፤ በእርግጥም በታብሌት ላይ የሚንቀሳቀሰው ካርታ ብዙ ሰው ከስህተት አድኗል፤ እኔም ያለ እርሱ መብረር አልመርጥም። ነገር ግን መረጃው ካልታደሰ የቆየውን መስመር ያሳያል፤ በጊዜያዊነት የተዘጋ ክልል በኖታም (ለአብራሪዎች በሚወጣ ማስታወቂያ) ታውጆ ታብሌቱ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ስታግለው ደግሞ መሣሪያው በሚፈለግበት ሰዓት ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ ስለሚጮህ፣ ሰው የሚጮኸውን ሁሉ በጣቱ እየነካ ማጥፋት ይለምዳል፤ በመጨረሻ እውነተኛውንም ከሌሎቹ ጋር ያጠፋዋል።

እንግዲህ ዝምታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አብራሪው አንድ ነገር እንዳልገጠመለት ይሰማዋል። ከፊቱ ያለው ከተማ ከጠበቀው ይሰፋል፤ በስተቀኝ ያያታል ያለው ሐይቅ የለም። ሬዲዮው በእጁ ላይ ነው፤ ቁልፉን መጫን ብቻ ይበቃል። አይጫነውም። ምናልባት ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብሎ ይፈራል፤ ምናልባት ሞገዱ ላይ ያሉት የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪዎች ሁሉ «ጠፍቻለሁ» ሲል እንዳይሰሙት ያፍራል፤ ምናልባትም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወጥቼ እገላገላለሁ ብሎ ያስባል። ሁለቱ ደቂቃ አምስት ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው አባባል እንደዚህ ሁኔታ የሚስማማበት ቦታ አላውቅም፤ ሊረዳው የሚችለው ሰው በስክሪኑ ላይ እያየው፣ መለያ ጥሪውን ብቻ አጥቶ ተቀምጧልና።

ከዚህም የባሰ አለ። አንዳንዱ መግባቱን ሲያውቅ ትራንስፖንደሩን ያጠፋል። ይህን ያደረገ ሰው ከቅጣት የተሰወረ ይመስለዋል፤ የተሰወረው ግን ከመከላከያው ነው። ቲካስ የሚሠራው የሌላውን አውሮፕላን ትራንስፖንደር ጠይቆ መልስ በማግኘት ነው፤ መልስ የማይሰጥ አውሮፕላን ለእርሱ የለም። ስለዚህ ከጀርባው 150 ሰው ጭኖ የሚመጣው አውሮፕላን የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ አያገኝም። ሳያውቁ መግባትን በሙሉ ልቤ ይቅር የምል ሰው ነኝ፤ ትራንስፖንደርን አውቆ ማጥፋትን ግን ይቅር ለማለት ይቸግረኛል።

ምን ማለት እንዳለበት ለሚጠይቅ ሰው ቃሉ አጭር ነው። መጀመሪያ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ለአካባቢው የቁጥጥር ክፍል መለያ ጥሪን መናገር፣ «ያለሁበትን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ወደ ክልላችሁ ገብቼ ሊሆን ይችላል፤ ከፍታዬ 2,300 ነው፤ እርዳታ እፈልጋለሁ» ማለት። ሰበብ መደርደር አያስፈልግም፤ ሞገዱን ይይዛል እንጂ የሚጠቅመው የለም። ተቆጣጣሪው ትራንስፖንደሩ ላይ የሚሞላ ለእርሱ ብቻ የሆነ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ በተሞላ ቅጽበት ማንነቱ ያልታወቀው ነጥብ ስም ያለው አውሮፕላን ይሆናል። የትኛውን ሞገድ እንደሚጠራ ለጠፋበት ሰው ዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ ሞገድ 121.5 ሜጋኸርዝ አለ። በብሪታንያ በዚህ ሞገድ ላይ ጠርቶ ያሉበትን ቦታ ማስነገርን አብራሪዎች ችግር ሳይገጥማቸው በፊት ለልምምድ እንዲያደርጉት ይፈቀዳል፤ ይህ በሁሉም አገር ቢኖር ደስ ይለኛል፤ አንድ ጊዜ በሰላም ቀን የጠራ ሰው በጭንቅ ቀን ለመጥራት አንደበቱ አይታሰርም።

በሌላ በኩል ያለውም ሰው ድርሻ አለው። የጠፋ አብራሪ አንዴ ከጠራ በኋላ የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ቀጥሎ የሚያደርገውን ይወስናል። ጥሩ ተቆጣጣሪዎች አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ከፍታ፣ ቀጥሎ ነዳጁ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ። የጥፋቱ ጉዳይ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ በስልክ የሚነሣ ነው። በሞገዱ ላይ የተገሠጸ አብራሪ መሪውን ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሲሆን፣ ግሣጼውን የሰሙ ሌሎች ደግሞ በእነርሱ ላይ ሲደርስ ላለመጥራት ይወስናሉ።

ከመግባቱ በፊት ሊደረግ ስለሚችለው ነገር ብዙ የተጻፈ ስለሆነ አላረዝመውም፤ ሁለት ልማዶችን ብቻ ላንሣ። በብሪታንያ ለአብራሪዎች የሚሰጠው ምክር ከቁጥጥር ክልል ጠርዝ 2 ኖቲካል ማይል፣ ከወለሉ ደግሞ 200 ጫማ መራቅ ነው። ከላይ ባነሣሁት የግፊት ምሳሌ 200 ጫማው እንዳልበቃ አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም፤ ለዚህ ነው ሩቅ በሚኬድበት ጊዜ የግፊቱን ቁጥር በየአካባቢው ማደስ ከርቀቱ ጋር አብሮ መሄድ ያለበት። ሁለተኛው እጅግ የምወደው ነው፤ በጠርዙ አጠገብ የሚበር አብራሪ ለዚያ አካባቢ የተመደበውን ቁጥር በትራንስፖንደሩ ላይ ሞልቶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር የቁጥጥር ክፍሉን ሞገድ ያዳምጣል። ተቆጣጣሪው ያን ቁጥር ሲያይ ይህ ሰው እንደሚሰማው ያውቃል፤ ወደ መስመሩ ሲጠጋ በመለያ ጥሪው ይጠራዋል። ያን ቀን በራዳር ክፍሉ ያየኋት ነጥብ እንዲህ ያለ ቁጥር ይዛ ቢሆን ኖሮ አንድም አውሮፕላን ባልዞረ ነበር።

የተከለከሉና የተገደቡ ክልሎች ሌላ ነገር ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የሚጠብቀው ወታደር ሊሆን ይችላልና። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2005 አንዲት ሴስና 150 የተባለች ትንሽ አውሮፕላን መንገድ ስታ ወደ ዋሽንግተን የተገደበ ክልል ስትገባ ዋይት ሀውስና ካፒቶል በጥድፊያ ሰው እንዲወጣባቸው ተደርጓል፤ ተዋጊ ጄቶችም ተልከውባታል። በሰላማዊ አውሮፕላን ላይ የጦር መሣሪያ ከመጠቀም መንግሥታት እንዲቆጠቡ የሚያስገድደው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ውል፣ የቺካጎ ስምምነት፣ አንቀጽ 3 ቢስ በ1984 የተጨመረው፣ ከመስመሩ ወጥቶ የነበረው የኮሪያ አየር መንገድ 007 በረራ በ1983 ከ269 ሰዎች ጋር ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ነው። ጄት ከጎኑ መጥቶ ክንፉን ሲያወዛውዝ ያየ አብራሪ የራሱን ክንፍ አወዛውዞ መከተል፣ በ121.5 ላይም መጥራት አለበት፤ ይህን ከመነሣቱ በፊት ያላነበበ ሰው በዚያ ሰዓት ለማንበብ ጊዜ አያገኝም።

ወደ ዝምታው ልመለስ። ሰው እንዲናገር ከተፈለገ መናገሩ ከመደበቅ እንዲሻለው መደረግ አለበት። በአሜሪካ ከ1976 ጀምሮ ናሳ የሚያስተዳድረው የአቪዬሽን ደህንነት ሪፖርት ሥርዓት አለ፤ አውቆ ያላጠፋ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ የሆነውን በጽሑፍ ካስታወቀ፣ በሕግ ቢጠየቅ እንኳ ከፈቃድ መታገድና ከገንዘብ ቅጣት ሊድን ይችላል። ሪፖርቶቹን የሚቀበለው ተቋም ቀጪው ያልሆነው ሆን ተብሎ ነው። በአውሮፓ ኅብረትም ከ2015 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ደንብ ቁጥር 376/2014 ተመሳሳይ መንፈስ አለው፤ ከባድ ቸልተኝነትና ሆን ተብሎ የተደረገ ጥፋት ከጥበቃው ውጪ ናቸው። ይህ ለጥፋተኛ ማዳላት ነው ብለው የሚቃወሙ አብራሪዎችን አውቃለሁ፤ ሕግ የተጻፈው እንዲከበር ነው ይላሉ። መከበሩ ላይ ልዩነት የለንም። ነገር ግን በቅጣት ፍርሃት የተደበቀ መግባት አብራሪውንም ተቆጣጣሪውንም ካርታ ሠሪውንም አንዳች አያስተምርም።

ካርታ ሠሪውን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ አብራሪዎች በተለያየ ቀን በአንድ ጥግ ላይ ደጋግመው ከገቡ፣ ጥፋቱ ከአብራሪዎቹ ይልቅ በጥጉ ላይ መፈለግ አለበት። ምናልባት የእርከኑ ወለል የሚቀየርበት መስመር ከመሬት በሚታይ በአንድም ነገር ላይ አያልፍም፤ ጥቂት ተጠግቶ በባቡር ሐዲዱ ወይም በወንዙ ላይ እንዲሄድ ቢደረግ ሁሉም ያየዋል። ምናልባት የከፍታው ቁጥር በካርታው ላይ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ተደራርቧል። ምናልባትም የሚጠራው ሞገድ ከጠርዙ አጠገብ አልተጻፈም፤ አብራሪው ካርታውን ገልብጦ ከኅዳግ ላይ ሲፈልገው መስመሩን ያልፋል። እነዚህ ሁሉ በቢሮ ውስጥ በቀላሉ የሚስተካከሉ ናቸው፤ የሚያስተካክላቸው ሰው ግን የት እንደሆኑ የሚያውቀው በዚያ ያለፉት አብራሪዎች ከጻፉለት ብቻ ነው።